እሺም እምቢም የማይል ግድግዳ

ከቀለም ጋር ጠብ አልነበረኝም። ቤታችን ውሃ ሰማያዊ ነበር። አባቴ ሲሠራው ውሃ ሰማያዊ ቀባው፤ እኔ ሳገባ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ልጄም ተወልዳ ያደገችው እዚያው ውሃ ሰማያዊ ውስጥ ነው። አንድም ሰው "ይሄ ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ግድግዳ ሥራው ጣሪያ መሸከም ነው። በተለይ እኛ ጉለሌዎች፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ነፋስ ከመለሰልን ሌላ ውለታ አንጠብቅበትም።

ታዲያ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ልጄ ፍሬሕይወት ከእናቷ ጋር ጓዳ ገብታ መንሾካሾክ አበዛች። ፍሬ ነው የምንላት፤ አንድዬ ልጃችን ናት። ከሹክሹክታው በኋላ ባለቤቴ አስቴር መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። አስቴር ያለ ምክንያት አጠገቤ አትቀመጥም።

"ሽማግሌ ሊልኩ ነው" አለችኝ።

"እነማን?"

"የናትናኤል ቤተሰቦች ናቸዋ።"

ናትናኤልን አውቀዋለሁ። ቁጥብ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ሲያገኘኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። ይኸው ራሱ ያናድደኛል። ልጅህን ሊወስድ የመጣ ሰው ቢያንስ አንድ የምትጠላበት ነገር ይዞ ቢመጣ ምን ነበረበት?

"መቼ?" አልኩ።

"የዛሬ ሳምንት እሑድ።"

"ይምጡ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ደረቴን የነፋሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። እኔ በሰፈራችን የታወቅኩ ሽማግሌ ነኝ። በዕድሜ ገና ነኝ፤ ግን ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም ድረስ ልጅ የሚያስጠይቅ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ጋቢዬን ለብሼ ያልቆምኩበት ሳሎን የለም። "ያልቆምኩበት" ያልኩት በስሕተት አይደለም። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌ ለልጅ ጥያቄ ሲሄድ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። የልጅቷ አባት "ተቀመጡ" ይላል፣ እኛ "አንቀመጥም" እንላለን። አባትየው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ልጁን አይሰጥም። "ልጅቷ ገና ናት፣ ከዘመድ ልምከር" ብሎ ይመልሰናል። በሁለተኛው ደግሞ ይመልሰናል። በሦስተኛው ጉልበቱ ተስሞ፣ እንደ ከበደው ሰው ትንፍስ ብሎ፣ ይሰጣል። ስንት አባት እንደዚህ አድርጎ ዳገት ለዳገት አመላልሶኛል። አሁን ተራው የእኔ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ?

ፍሬ ግን ያንኑ ቀን መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አባዬ፣ አትመልሳቸው" አለች።

"ደንብ ነዋ።"

"ናትናኤል ከጥር በኋላ ሐዋሳ ይዛወራል። ሰርጉ ጥር ላይ ካልሆነ ጾም ይገባል። አንተ ሦስት ጊዜ ስታመላልሳቸው ጥር ያልፍብናል።"

"ጥር በየዓመቱ አለ" አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልቤን ነካኝ፤ አልዋሽም። እውነቱን ልንገራችሁና ደንብ ደንብ የምለው ሁሉ ግማሹ ሰበብ ነበር። ልጄን መስጠት ከብዶኛል። እሷ ስትሄድ ይሄ ቤት ውስጥ የሚቀረው እኔ፣ አስቴርና ዝምታ ነው። ሦስት ጊዜ ካመላለስኳቸው ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ወር አባቷ ብቻ ሆኜ እቆያለሁ። ይህን ግን ለማን ይነገራል። ስለዚህ ደንቡን እንደ ጋሻ ያዝኩ።

አስቴር በዚህ መሐል ሌላ ጉዳይ ላይ ነበረች። ሳሎኑ መሐል ቆማ ዙሪያውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች፤ ከዚያ ደግሞ ግድግዳውን።

"በዚህ ግድግዳ ነው ሽማግሌ የምንቀበለው?" አለች።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኼ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አብሯት የኖረ ግድግዳ በአንድ ቀን ጠላት ሆነ።

በዚያው ቀለም የመምረጥ ስብሰባ ተቀመጥን። እኔ ነጭ አልኩ፤ አስቴር ክሊኒክ ያስመስለዋል አለች። አስቴር አረንጓዴ አለች፤ እኔ ቀበሌ ገብቼ ተራ የምጠብቅ ይመስለኛል አልኩ። ሮዝ የፀጉር ቤት ነው። ቢጫ ደግሞ የኳስ ደጋፊ ያደርገናል፤ የናትናኤል አባት የሌላኛው ቡድን ደጋፊ ከሆኑ ባልተጫወትነው ጨዋታ ልንጣላ ነው። እንዲህ ስንባባል ፍሬ ስልኳን ከፈተችና "የሚያስፈልገን ገለልተኛ ቀለም ነው" አለች።

"ምንድን ነው ደግሞ እሱ?"

"ክሬም፣ ቢዥ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ እንደዚህ። ምንም የማይናገር ቀለም ነው። ከሁሉም ጋር ይሄዳል፣ ማንንም አያስቀይምም።"

በጣም ወደድኩት። ሽማግሌ ማለት እኮ ሰላይ ነው፤ እኔም ስገባ የአባትየውን ፊት፣ የእናትየውን እጅ፣ የቤቱን ዝግጅት ሁሉ አንብቤ ነው "ይሰጣል፣ አይሰጥም" የምለው። ገለልተኛ ቀለም ያለው ቤት ግን አይነበብም። ፊቴም ግድግዳዬም እሺም እምቢም የማይል ይሆናል።

"ይሄንን ነው የምፈልገው" አልኩ።

ሰኞ ሦስታችንም ቀለም ወደሚሸጥበት ወረድን። የሱቁ ባለቤት፣ ጠና ያለች ሴት ናት፣ የቀለም ናሙና የተለጠፈበት ሰፊ ካርቶን ዘረጋችልን። ሙሉው ክሬም ነው። ከላይ ክሬም፣ ከታች ክሬም፣ መሐል ላይ ክሬም። እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ ፍሬ ትተረጉምልናለች። የበረሃ አሸዋ። የአጋዘን ቆዳ። የዝሆን ጥርስ። የማለዳ ጭጋግ።

"የማለዳ ጭጋግማ በነፃ ይመጣልናል" አልኩ። "ለሱ ገንዘብ አልከፍልም።"

"ታዲያ የቱ ይሻላል?" አለች አስቴር።

እኔ እርግጠኛ ሰው ነኝ። ጣቴን ሰደድኩና "ይሄ" አልኩ። አስቴርም ጣቷን ሰደደችና "እሱ አይደለም፣ ይሄ" አለች። ፍሬ ሦስተኛውን ነካች። ሦስቱ በምን እንደሚለያዩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሆኖም እየተቆጣን ተከራከርን። ሰው የማያየውን ልዩነት ይዞ ሲከራከር ድምፁ ከፍ ይላል፤ ይህንን በሽምግልናም ታዝቤዋለሁ።

በመጨረሻ አስቴር "ዝሆኑንም አጋዘኑንም ተዉት፤ እኔ የማላውቀውን አውሬ ግድግዳዬ ላይ አላወጣም" አለችና ቤት ሄዳ ተመለሰች። ይዛ የመጣችው ሦስት ፌስታል የጤፍ ዱቄት ነው። ማኛ፣ ነጭና ሰርገኛ። ባንኮኒው ላይ በየተራ ቆነጠር እያደረገች አስቀመጠች።

"ይሄውላችሁ" አለች። "ማኛው ከልክ በላይ ይነጣል። ሰርገኛው ነጭም ቀይም አይደለም። እኛ የምናውቀው ገለልተኛ ይሄ ነው። ይሄን አስመስዪልኝ።"

"ቀለም መበጥበጫው ማሽን ዱቄት አያነብም እኮ፣ እትዬ" አለች ባለሱቋ።

"አንቺ ታነቢያለሻ።"

ምስማር ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬ ወረፋውን ረስቶ ጎንበስ ብሎ ዱቄቱን አየ። "ሰርገኛው ትንሽ ይጠቁራል፤ ከማኛው ጣል አድርጉበት" ብሎ መከረ። ሌላዋ ደግሞ ዱቄቱን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ከየትኛው ወፍጮ ቤት እንደሆነ ጠየቀች። በቃ ሱቁ እህል በረንዳ ሆነ። ባለሱቋ በዓይኗ መጥና አንድ ቀለም በጠበጠችልን፤ አስቴርም "እጅሽ ይባረክ፣ ራሱ ነው" አለች። አዲስ አበባ ውስጥ በጤፍ ዱቄት የግድግዳ ቀለም ያስበጠበጥን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ቀለም የሚቀባልንን ሰው ያመጣችልን ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ናት። ታዴ ይባላል፤ የእህቷ ልጅ ነው። ታዴ ገና ሲገባ የአምባሳደር ቤት መቀባቱን ነገረኝ። የየት አገር አምባሳደር እንደሆነ ብጠይቀው "የትልቅ አገር" አለኝ። ተግባባን። ሁለታችንም በራሳችን የምንተማመን ሰዎች ነን።

"መጀመሪያ ሰማያዊውን በነጭ እንሸፍነው ወይ?" አልኩት።

"ምን በወጣዎ ጋሼ፤ ይሄ ቀለም ዝሆን ይሸፍናል።"

ዝሆን ይሸፍን ይሆናል። የአባቴን ውሃ ሰማያዊ ግን አልሸፈነም። ማክሰኞ ቀባን፤ ሰማያዊው ከሥር ብቅ ብሎ ከሰርገኛው ጋር ተቀላቀለና ግድግዳችን የታመመ ሰው ፊት መሰለ። አረንጓዴ ነው ስትሉት ቢጫ፣ ቢጫ ነው ስትሉት ሌላ። አስቴር ተቀመጠች። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ "ቀይ ጣል አድርግበት" ብዬ አዘዝኩ። ታዴ ቀይ ጣል አደረገበት። ግድግዳው ሊጥ ላይ በርበሬ የተደፋ መሰለ። "እንግዲያው ነጭ" አልኩ። ነጭ ጨመረ። "አሁን ደግሞ ትንሽ ቡናማ" አልኩ።

የጭንቁ ግማሽ ግን ቀለሙ አልነበረም፤ ጣት ነው። ይኼ የእኛ ሰው፣ "አትንኩ፣ እርጥብ ነው" ከተባለ ሳይነካ አያልፍም። እትዬ ሙሉ ገባች። "እርጥብ ነው እንዴ?" አለችና ነካችው። ጣቷን አየች። "አዎ፣ እርጥብ ነው" አለች፤ ከዚያ ይህንኑ ለማረጋገጥ ሌላ ቦታ ነካች። ወተት ያመጣው ሰውዬ ነካ። ለዕድር ጉዳይ የመጣው ጎረቤት እያዋራኝ በመዳፉ ተደገፈበት። ታዴ አንዱን ጣት ሲያጠፋ ሌላው ይወለዳል።

"ምነው ቡላ አስመሰላችሁት?" አለች እትዬ ሙሉ፣ ጣቷን በጨርቅ እየጠረገች።

"ቡላ?" አለች አስቴር፤ ፊቷ ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ባየች ቁጥር ቡላ ብቻ ነው የሚታያት። እንደገና ይቀየር አለች። እኔም ለአራተኛ ይሁን ለአምስተኛ ጊዜ ታዴን ጠርቼ "ወደ ሰርገኛው እንመለስ" አልኩት።

ታዴ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አስቀመጠ። መሰላሉን አጠፈና ትከሻው ላይ አደረገ።

"ጋሼ" አለኝ፣ በታላቅ አክብሮት፣ "ሐሳብዎ ሲደርቅ ይደውሉልኝ።"

ሄደ። ስልክም አላነሳም። አስቴር እሪ ልትል ትንሽ ነው የቀራት። እኔ ግን ምን አልኩ? "ብሩሽ የያዘ ሁሉ ቀቢ ከሆነ፣ እኔስ ምን አነሰኝ?" ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩና አሮጌ ቱታ ለብሼ፣ ጋዜጣ አጥፌ ቆብ ሠርቼ ገባሁበት። መጀመሪያ ሁሉንም በነጭ ደመሰስኩት። ሲደርቅልኝ ከላይ ያለውን በውሃ ቀለም ሰርገኛ ቀባሁ። ከወለሉ እስከ ትከሻ ድረስ ያለውን ደግሞ በዚያው መልክ በተበጠበጠ ዘይት ቀለም አደረግኩት። የሰፈራችን የድሮ ቤቶች እንደዚያ ናቸው፤ ሰው የሚደገፍበትና ልጅ የሚያቆሽሸው የታችኛው ክፍል ስለሆነ ዘይት ቀለም ይቀባል፣ ሲቆሽሽ በጨርቅ ይወለወላል። ዘይት ቀለም አንድ ዐመል አለው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ። በኅዳር የጉለሌ ብርድ ደግሞ ይባስ ይለግማል። እኔ ግን በርና መስኮት ከፍቼ ማንም እንዳይገባ አዘዝኩ። እትዬ ሙሉን ሳይቀር በር ላይ መለስኳት።

ማንም አልረዳኝም፣ ማንም ብሩሽ አልነካም። ይህቺን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈተናው ደረሰ። በጣት መንካት የተራ ሰው ነው። እኔ ነጭ ሸሚዜን ለበስኩና ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እንደሚያሳክከው አህያ ላይ ታች አሻሸሁት። አስቴር ጀርባዬን አገላብጣ አየች።

"ምንም አልለቀቀም" አለች፤ ትንፋሿን ለቀቀች። "ደግሞ ያምራል። ሰርገኛ ነው፣ ራሱ ሰርገኛ።"

ፍሬ መጣች። "በእውነት ደርቋል?" አለችኝ።

"ድርቅ ብሏል።"

"ሁሉም ቦታ?"

"ልጄ፣ አባትሽ የቀባው እኮ ነው።"

"ነገ ግን ትመልሳቸዋለህ?" አለች።

"ደንብ ነው፣ ፍሬዬ።"

"እሺ አባዬ" አለች።

እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቷ ምንም አላጠራጠረኝም። ጨዋ አድርጌ አሳድጌያታለሁ ብዬ ኮራሁ።

እሑድ ጠዋት እኔና አስቴር ቅዳሴ ልናስቀድስ ቁስቋም ሄድን። ፍሬ "እኔ ቤት ላሰናዳ" ብላ ቀረች። ስንመለስ ሳሎኑ ተወልውሎ፣ ሶፋዎቹ ከግድግዳው ተስበው መሐል ላይ ተደርድረዋል። "እንግዳ ሲመጣ እንዲሰፋ ነው" አለች። ጎሽ አልኳት። ነጭ ጋዝ ሸተተኝ፤ "ልብሴ ላይ የነካኝን ቅባት አስለቅቄ ነው" አለች። ግድግዳውንም አየሁት፤ ከትናንቱ ይልቅ ያበራል።

"አየሽ" አልኳት አስቴርን፤ "ዘይት ቀለም አንድ ቀን ሲያድር እንዲህ ነው የሚያበራ።"

ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ፊት የቀደሙት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጋሽ ወርቁና እኔ በዚህ ሰፈር ሽምግልና ተፎካካሪዎች ነን፤ አብረን የቆምንባቸው ሳሎኖችም አሉ። እሳቸውን ዳገት ማመላለስ ለእኔ እንደ ሹመት ነው። ከኋላቸው የናትናኤል አጎትና ዝምተኛው መምሬ ገብሬ ነበሩ። ሦስቱም ዛሬ ከሣጥን የወጣ፣ እንደ ጥጥ የነጣ ጋቢ ለብሰዋል።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ" አልኩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወርቁ። ከዚያ ሦስቱም ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ሶፋው መሐል ነው፤ ከኋላ ያለው ግድግዳው ነው። ዕድሜ ያለው ሰው ቆሞ ሲለምን የት ይደገፋል? ተደገፉበት።

እኔ ምንም አልመሰለኝም። ጋሽ ወርቁ ለመኑ። "ልጃችን ናትናኤል ከእርስዎ ደጅ ውሃ ጠምቶት..." እያሉ በምሳሌ ላይ ምሳሌ ደረቡ። እኔም ፊቴን እንደ ግድግዳዬ አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "እንግዲህ ልጅቷ ገና ናት። እኛም ዘመድ አለን፤ መክረን..." ብዬ ስጀምር የናትናኤል አጎት ትከሻቸው ደክሟቸው ነው መሰለኝ ዞር አሉ። ጋቢያቸውን አየሁት። ከትከሻ እስከ ዳሌ ሰርገኛ ሆኗል፤ እሳቸው ሳያዩት መልሰው ተደገፉ።

ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። አስቴርን አየኋት፤ እሷም አይታዋለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ትናንት በሸሚዜ አሻሽቼው! ደርቆ ነበር፤ ምስክር አለኝ። ግን ምስክር ምን ያደርጋል፣ ጋሽ ወርቁና መምሬም ተደግፈዋል።

አሁን ነገሩን አስሉት። ብመልሳቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች ጀርባቸው ተለቅልቆ በዚያ ቁልቁለት ይወርዳሉ። እሑድ ነው፤ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። እትዬ ሙሉ በሯ ላይ ናት። "እነ እገሌ የመጣላቸውን ሽማግሌ ቀለም ቀብተው መለሱ" ይባላል። ይህ መመለስ አይደለም፤ ማዋረድ ነው። የናትናኤል ቤተሰብ ዳግመኛ አይመጣም። ጥር ሳይሆን ልጄ ራሷ ናት የምትቀርብኝ፤ ዕድሜ ልኳን አትምረኝም። ብሰጥ ግን ዘመድ ሆንን ማለት ነው፤ ዘመድ ዘመዱን ቀለም ቢያስነካው ይሳቃል እንጂ አይካሰስም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ። በስንቱ ሳሎን ቆሜ በስንቱ ግድግዳ ተደግፌ፣ በራሴ ቤት ሽማግሌ እንደማይቀመጥ ረሳሁት።

"እባካችሁ ተቀመጡ" አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ዓይናቸው በራ። ለስለስ ማለቴን አነበቡት። "አንቀመጥም" አሉና ይበልጥ ተደላድለው ተደገፉ።

"ተቀመጡ ስል፣ በቃ ሰጥቻለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ደስ ይላቸዋል ስል ጋሽ ወርቁ ቅር አላቸው።

"ቆይ እንጂ" አሉ። "ገና መቼ ለመንን። እኔ ለሦስት ጊዜ የሚሆን ነው የተዘጋጀሁት።"

"የቀረውን ተቀምጠው ይንገሩኝ።"

የናትናኤል አጎት ጎን ለጎን አዩኝና በሹክሹክታ፣ ለእኔ ግን በሚሰማ፣ "እንዲህ ቶሎ የሚሰጠው ምን ነገር ቢኖር ነው?" አሉ። ጋሽ ወርቁም ጠረጠሩ። እኔን ስለሚያውቁኝ መጠርጠራቸው ልክ ነው። "ጌታዬ" አሉኝ፣ "ልጅቷ ላይ የተደበቀ ነገር ካለ..."

"ልጄ ላይ ምንም የለም!" አልኩ። "ጋሽ ወርቁ፣ ልጄ እንከን የላትም። እንደውም ላልሰጣችሁ ነበር። ዛሬ ልመልሳችሁ፣ በሚቀጥለውም ልመልሳችሁ ነበር። ጨክኜ አይደለም፤ እሷ ከሄደች ይሄ ቤት ባዶ ነው። ለመለየት ጊዜ ፈልጌ ነበር። አሁን የቸኮልኩት በግድግዳው ነው። እርጥብ ነው። ተለቅልቃችኋል።"

ሦስቱም ከግድግዳው ሊላቀቁ እኩል ወደ ፊት ሄዱ። ሰዎቹ መጡ፣ ጋቢዎቹ ትንሽ ቆዩ። ጋሽ ወርቁ "ማነው የያዘኝ?" ብለው ዞሩ፤ ከዚያ ጥርርር ብሎ ለቀቃቸው። ግድግዳው ላይ የሦስት ሽማግሌ ትከሻ፣ ከነጥጡ፣ ቀርቷል።

ጋሽ ወርቁ ጋቢያቸውን አወለቁ። ዘረጉት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ምን ይባላል ይሄ ቀለም?" አሉ።

"ገለልተኛ" አለች አስቴር። "ከማንም ጋር አይጣላም ተብሎ ነው።"

"እውነትም ከማንም ጋር አይጣላም" አሉ ጋሽ ወርቁ። "አቅፎ ነው የሚይዝ።"

መጀመሪያ የሳቁት ዝምተኛው መምሬ ናቸው። ከዚያ ማን ይያዘን። የናትናኤል አጎት ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አስቴር እያለቀሰች ሳቀች። ጋቢዎቹን አጥበን እናድርስ ብንል ጋሽ ወርቁ እምቢ አሉ። "ይሄ አይታጠብም" አሉ። "ጥር ላይ ለብሼው እመጣለሁ። አባት በአንድ ቀን ልጁን ሰጠ ብል የሚያምነኝ ሰው ስለሌለ ማስረጃዬ ነው።" መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው መረቁን። ሁሉም ተቀመጠ፤ መሐል ላይ፣ ሶፋው ላይ።

ፍሬ ተጠራች። ከጓዳ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ የሽማግሌዎቹን ጉልበት በየተራ ሳመች። ወደ እኔ ስትመጣ ሆዴ ባባ። ትንሽ ሆና እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ ከሽምግልና ስመለስ ጭኔ ላይ ተቀምጣ የማን ቤት ስንት ሰዓት እንደቆምኩ፣ በየትኛው ግድግዳ እንደተደገፍኩ ስነግራት ትስቅ ነበር። ሽማግሌ የት እንደሚቆም ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ይህንን እያሰብኩ ጎንበስ ብላ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። እጇን አየሁት። የአውራ ጣቷ ጥፍር ዙሪያውን ሰርገኛ ነው። ገና እርጥብ ነው። ነጭ ጋዙ፣ ከግድግዳው የራቁት ሶፋዎች፣ ከቅዳሴ መልስ የሚያበራው ግድግዳ፣ ያቺ "እሺ አባዬ" ሁሉም አንድ በአንድ መጥተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ጆሮዋ አጠገብ ዝቅ ብዬ፣ "ፍሬ፣ እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አልኳት።

"ገለልተኛ ቀለም ነው፣ አባዬ" አለችና ሌላኛውን ጉልበቴን ሳመችው።